ከካሜራ ሲገለበጡ የተበላሹ ፎቶዎችን መመለስ

ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሲከፈት፣ ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ሲዞር፣ ወይም ጭራሽ አልከፈት ሲል ብዙ ሰው «ጠፋ» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ኮምፒውተሩ ላይ ያረፈው ቅጂ ነው፤ ካሜራው የጻፈው ዋናው ፎቶ ካርዱ ላይ እንዳለ አለ። የሚያሳዝነው፣ ፎቶው ለዘለዓለም የሚጠፋው ከዚያ በኋላ በድንጋጤ በሚደረጉ ነገሮች መሆኑ ነው፦ ካርዱን ፎርማት ማድረግ፣ «ልጠግነው?» ለሚል መልእክት እሺ ማለት፣ በዚያው ካርድ ማንሳት መቀጠል። ስለዚህ ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት የተበላሸው ቅጂው ይሁን ወይስ ካርዱ ላይ ያለው ራሱ፣ ይህን ይለዩ።

ካርዱን ባለበት ማቆየት

ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡ። በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ አይጨምሩ። ፋይል ሲሰረዝ ወይም ካርድ በተለመደው መንገድ ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋው በአብዛኛው የፋይሎቹ ዝርዝር ነው፤ ፎቶው የተቀመጠበት ቦታ «ነጻ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ይዘቱ ወዲያው አይፋቅም። አዲስ ፎቶ ግን እዚያው ላይ ይጻፋል። ያልታመቀ ባለ 14 ቢት የሮው ፎቶ (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ከ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ሲወጣ 42 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ ለሙከራ ብለው አንድ ጊዜ ቢያነሱ ሦስትና አራት የጄፔግ ፎቶዎችን ሊሸፍን ይችላል።

ትልቁ ኤስዲ ካርድ ጽሑፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ሲያዝ በግራ ጎኑ ትንሽ ተንሸራታች መቆለፊያ አለው። ወደ ታች ያውርዱት። መቆለፊያው ለሪደሩ (ለካርድ ማንበቢያው) «አትጻፍ» የሚል ምልክት ነው እንጂ ካርዱን በራሱ አይዘጋውም፤ ምልክቱን ችላ የሚሉ ሪደሮች አሉ። ያም ሆኖ ምንም ከማድረግ ይሻላል። ማይክሮ ኤስዲ መቆለፊያ ስለሌለው ወደ ትልቅ ኤስዲ በሚቀይረው አዳፕተር ላይ ያለውን ይጠቀሙ።

ካርዱ ሲሰካ ዊንዶውስ «ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ያድርጉ» ካለ ካንስል ይበሉ። «ስካን ኤንድ ፊክስ» የሚለውንም አይቀበሉ። ያ የሚያስነሳው ቼክዲስክ የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የተሠራው የፋይል ሥርዓቱ፣ ማለትም የፋይሎቹ አመዘጋገብ፣ እርስ በርሱ እንዲስማማ ለማድረግ ነው፤ የፎቶዎ ነገር አያሳስበውም። የቁራጮቹ ሰንሰለት የተቆረጠበትን ፋይል እዚያው ላይ አሳጥሮ ይዘጋዋል፤ ባለቤት ያጣውን ቁራጭ ደግሞ «ፋውንድ» ብሎ በሚፈጥረው ፎልደር ውስጥ ስሙን ለውጦ ይጥለዋል። አንዳንድ ካሜራም ካርዱን ሲያይ የምስል ዳታቤዙን ልጠግን ብሎ ይጠይቃል፤ ለጊዜው አይሆንም ይበሉት።

ፎቶዎቹን ኮፒ ሳይሆን ከት አድርገው ከነበረ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ካርዱ ላይ ያሉት ተሰርዘዋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ተበላሽተዋል። ቢሆንም ፍለጋው መጀመር ያለበት ከካርዱ ነው። የኮምፒውተሩ ዲስክ ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ከሆነ፣ ከሱ ላይ የተሰረዘ ፋይል ትሪም በሚባለው አሠራር ብዙም ሳይቆይ ከነይዘቱ ይወገዳል። እዚያ ላይ የመመለሻ ሶፍትዌር ማስኬድ ብዙውን ጊዜ ከድካም በቀር ትርፍ የለውም።

የተበላሸው የቱ ነው?

የተቆለፈውን ካርድ ካሜራው ውስጥ መልሰው ፎቶውን ይክፈቱና እስከ መጨረሻው አጉልተው ይዩት። ማጉላቱ ግዴታ ነው። ካሜራው መጀመሪያ የሚያሳየው በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠውን ትንሽ ምስል፣ ማለትም ተምኔይሉን ነው፤ ዋናው ዳታ ጠፍቶም ትንሿ ምስል ልታምር ትችላለች። ጎልቶም ደህና ከታየ፣ ካርዱ ላይ ያለው ጤነኛ ነው ብሎ ለመገመት በቂ ምክንያት አለ።

ቀጥሎ ይህን ያድርጉ። ችግር ያለበትን አንድ ፎቶ ከካርዱ ወደ አንድ ፎልደር ኮፒ ያድርጉ። ካርዱን በኢጀክት አውጥተው እንደገና ሰክተው ያንኑ ፎቶ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ ያድርጉ። በመሃል ማውጣቱ ያስፈለገው ኮምፒውተሩ ያነበበውን በሚሞሪው ስለሚይዝ ነው፤ ካልወጣ ሁለተኛው ቅጂ ከካርዱ ሳይሆን ከሚሞሪው ሊመጣ ይችላል፤ እንግዲያውስ ምንም አልመረመሩም ማለት ነው። ከዚያ የሁለቱን ቅጂዎች የኤስኤችኤ 256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር፣ ያወዳድሩ። ዊንዶውስ ላይ ሰቨንዚፕ ተጭኖ ከሆነ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል፤ ማክና ሊኑክስ ላይ በተርሚናል የሚሠራ ትእዛዝ አብሮ ይመጣል።

አሻራዎቹ ከተለያዩ ካርዱን አይወንጅሉ፤ የሚያበላሸው በመንገድ ላይ ያለ ነገር የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። አሻራዎቹ አንድ ሆነው ሁለቱም ቅጂዎች ከተበላሹ ጥፋቱ ካርዱ ላይ ነው፣ ወይም ሪደሩ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታል። ይህን ለመለየት ሌላ ሪደር ያስፈልጋል።

ፎቶው በደንብ ተከፍቶ ግን ትንሽና ደብዛዛ ከሆነ ብልሽት አይደለም። በዋይፋይ ወደ ስልክ የሚልኩ የካሜራ አፖች ብዙዎቹ መጠኑን ቀንሰው ይልካሉ፤ ሙሉውን ከካርዱ ይውሰዱ።

መንገዱ ሲሆን ጥፋተኛው

ይህ ቀላሉ ጉዳይ ነው። ካሜራውን በኬብል ሰክተው ይገለብጡ ከነበረ ካርዱን አውጥተው በሪደር ይሞክሩ፤ በሪደር ከነበረ ሪደሩን ይቀይሩ። ከመካከል ያለ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ካለ ያስወግዱትና በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊት ለፊቱን ትተው ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ፖርት ይጠቀሙ። በኬብል መገልበጥ ግድ ከሆነ የካሜራው ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ በመሃል ሲያልቅ ፋይሉ ተቆርጦ ይቀራል።

የብልሽቱ መልክ ራሱ ይናገራል። ዩኤስቢ የሚያሳልፈውን እያንዳንዱን እሽግ ስለሚመረምር መጥፎ ኬብል በአብዛኛው ግንኙነቱን ያቋርጣል እንጂ ዳታውን በዝምታ አይለውጥም። ስለዚህ ከአንድ ቦታ በታች ግራጫ የሆነ ወይም 0 ባይት የሚል ፋይል መቋረጥን ያመለክታል። የፋይሉ መጠን ትክክል መሆኑ አያታልልዎ፤ ዊንዶውስ ሲገለብጥ ቦታውን አስቀድሞ ሊይዝ ስለሚችል፣ የተቋረጠ ቅጂ በቁጥር ሙሉ ሆኖ ውስጡ ዜሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ እዚህም እዚያም በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የቀለም መሰንጠቅ ከታየና በየቅጂው ቦታው ከተቀያየረ፣ የሪደሩን ቺፕ ወይም የኮምፒውተሩን ራም (ሚሞሪውን) ይጠርጥሩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ደህና ከተገለበጠ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር በዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ ይፈትሹ። ራሙ የታመመ ኮምፒውተር ፎቶ ብቻ ሳይሆን የሚነካውን ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ እዚያ ላይ ምንም የማዳን ሥራ አይሥሩ።

ካርዱ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ይውሰዱ

የታመመ ካርድ በተነበበ ቁጥር ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ደጋግሞ ከመፈተሽ፣ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባይት ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጦ ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁሉ በዚያ ፋይል ላይ መሥራት ይሻላል። ይህ ፋይል የዲስክ ኢሜጅ ይባላል። የ64 ጊጋባይት ካርድ 64 ጊጋባይት ነጻ ቦታ ይፈልጋል፣ ግማሹ ባዶ ቢሆንም። የሚያስቀምጡበት ዲስክ በፋት32 የተፎረመተ ከሆነ አይሆንም፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

እዚህ ላይ ካሜራውን በኬብል መሰካት አይጠቅምም። ብዙ ካሜራዎች በኬብል ሲሰኩ ፋይሎቻቸውን ይዘረዝራሉ እንጂ ካርዱን እንደ ዲስክ አይከፍቱም፤ የመመለሻ ሶፍትዌር ሊያየው አይችልም። ሪደር የግድ ነው።

ካርዱ ሳይቆራረጥ የሚነበብ ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር ይበቃል። የካርዱን ፊደል መርጠው፣ የሚፈጠረውን ፋይል ስም ጽፈው «ሪድ» የሚለውን ይጫኑ። አጠገቡ ያለው «ራይት» ተቃራኒውን ይሠራል፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል፤ ጣትዎ ከማረፉ በፊት ሁለቴ ያንብቡ።

ካርዱ እየተንተባተበ ከሆነ፣ ማለትም ንባቡ ከቆመ፣ ስሕተት ካሳየ ወይም ካርዱ በመሃል ከጠፋ፣ ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው ይሻላል። ይህ ሶፍትዌር በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይወስዳል፣ የሚያስቸግረውን ዘሎ በካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል፣ ከዚያ ወደ ተዘለሉት ተመልሶ ይሞክራል። የድጋሚ ሙከራውን ቁጥር 3 ማድረግ ለመጀመሪያ ይበቃል። ካርዱ ከጋለ ወይም ከተቋረጠ ያስቁሙት፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ በዚያው የካርታ ፋይል ሲያስነሱት ካቆመበት ይቀጥላል። የካርታ ፋይሉን ሳይሰጡት ካስነሱት ግን ደካማውን ካርድ እንደገና ከመጀመሪያው ያስነብቡታል።

ከኢሜጁ ውስጥ ፎቶዎቹን ማውጣት

ፎቶሬክ በክሪስቶፍ ግሬኒየ የተሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። የፋይል ዝርዝሩን አያምንም፤ ከኢሜጁ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየሄደ የፎቶ መነሻ የሚመስሉ ባይቶችን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ፎርማት በተደረገና «ባዶ» በሚባል ካርድ ላይም የሚሠራው። በመስኮት የሚሠራው ቅርጹ ኪውፎቶሬክ ይባላል፦

1. ከዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ሮው ዲስክ ኢሜጅ ለመጨመር የሚያስችለውን መርጠው የፈጠሩትን ኢሜጅ ይክፈቱ።
2. የፋይል ሥርዓቱን ፋት፣ ኤንቲኤፍኤስ እና ሌሎች የሚለውን ያድርጉ፤ ኤክስት የሚለው ለሊኑክስ ዲስኮች ነው።
3. ፍለጋውን ነጻ ቦታ ላይ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ላይ ያድርጉት። ፋይሎቹ ተሰርዘው ብቻ ከሆነ ነጻ ቦታው ይበቃል፤ ዝርዝሩ የተበላሸ ከሆነ ግን ነጻ የሚባለው ቦታ ራሱ አይታመንም።
4. ከፋይል ዓይነቶቹ ሁሉንም አጥፍተው የሚፈልጉትን ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የካነን ሲአር2፣ የኒኮን ኔፍ እና መሰሎቻቸው ለብቻቸው ስም የላቸውም፤ «ቲፍ» በሚለው ሥር ናቸው። የካነን ሲአር3 በአሠራሩ ከቪዲዮ ፋይል ስለሚመሳሰል «ሞቭ» የሚለውን ይምረጡለት።
5. ማስቀመጫውን ሌላ ዲስክ ላይ አድርገው ይጀምሩ።

የሚወጡት ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን አይይዙም። በኤፍ ፊደል የሚጀምሩት ዋናዎቹ ናቸው፤ በቲ የሚጀምሩት ከፎቶው ውስጥ የወጡ ተምኔይሎች ናቸው፤ እነሱን አይተው «ሁሉም ትንሽ ሆኖ ወጣ» ብለው አይዘኑ። ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሰዓት በፋይሉ ውስጥ ስለሚኖር ኤግዚፍቱል በሚባለው ሶፍትዌር በቀኑ መሠረት እንደገና መሰየም ይቻላል።

አንዳንዱ ፎቶ ከላይ የራሱን ከታች የሌላ ፎቶ ቁራጭ ይዞ ከወጣ ምክንያቱ መበጣጠስ ነው። ፎቶሬክ በመሠረቱ አንድ ፎቶ በተከታታይ ቦታ ተጽፏል ብሎ ይነሳል። ከካሜራው ላይ አንድ አንድ እያሉ የሚሰርዙ ሰዎች ካርዳቸው ውስጥ የተበታተኑ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፣ ቀጣዩ ፎቶ በእነዚያ ክፍተቶች ተከፋፍሎ ይገባል። እንዲህ ያሉትን ለማውጣት የቀድሞውን ዝርዝር ቅሪት የሚያነብ ሶፍትዌር ይሻላል፤ የፎቶሬክ ወንድም የሆነው ቴስትዲስክ ለተሰረዙ ፋይሎች ይህን ያደርጋል፣ ሲሳካለትም ስማቸውን ጭምር ይመልሳል።

የሚከፈልበት ሶፍትዌር ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ ከክፍያ በፊት የሚያሳዩት ተምኔይሉን ነው። ተምኔይል ስለታየ ዋናው ፎቶ ተገኝቷል ማለት አይደለም፤ በሙሉ መጠኑ ከፍቶ እስካላሳየዎ ድረስ አይክፈሉ።

ፋይሉ ተገኝቶ አሁንም ከተበላሸ

ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ ያውጡና ሙከራውን ሁሉ በዚያ ላይ ያድርጉ። መጀመሪያ በተለያዩ የፎቶ መክፈቻ ሶፍትዌሮች ይክፈቱት፤ ኢርፋንቪው፣ ጊምፕ። አንዱ አልከፍትም ሲል ሌላው ያለውን ያህል አሳይቶ የቀረውን ግራጫ አድርጎ ይተዋል። የታየውን በፒኤንጂ ያስቀምጡት።

የቀለም መዛባት ለምን እስከ ታች እንደሚቀጥል ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። ጄፔግ ምስሉን በትንንሽ ብሎኮች ከፍሎ ያመቃል፣ የእያንዳንዱን ብሎክ መሠረታዊ ብርሃንና ቀለም ደግሞ ከቀደመው ብሎክ ጋር ባለው ልዩነት ይጽፈዋል። በመሃል አንድ ቢት ሲሳሳት ልዩነቱ ይሳሳትና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ያንን ስሕተት ይወርሳል። ስለዚህ ምስሉ ሮዝ ቢሆንም፣ ወደ ጎን ቢንሸራተትም ዝርዝሩ ከታየ ዳታው አለ፤ ከተሰነጠቀበት በታች ያለውን ለይቶ መርጦ በጊምፕ ቀለሙን ማስተካከልና ወደ ቦታው ማንሸራተት ይቻላል። ግራጫው ቦታ ግን በሄክስ ኤዲተር (የፋይሉን ባይቶች አንድ በአንድ በሚያሳይ ሶፍትዌር) ሲታይ ዜሮ ብቻ ከሆነ እዚያ የሚመለስ ነገር የለም፤ «እንጠግናለን» የሚሉ ገጾች የሚያመጡት ነገር ቢኖር ፈጠራ ነው።

ጭራሽ የማይከፈት ፎቶ ብዙ ጊዜ የተጎዳው ራስጌው፣ ማለትም ምስሉ እንዴት እንደሚከፈት የሚናገረው የፋይሉ መጀመሪያ፣ ነው። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው የጥራት ምርጫና በዚያው አቅጣጫ የተነሳ ጤነኛ ፎቶ ካለዎ ራስጌውን ማዋስ ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ ኤችኤክስዲ የሚባለውን ሄክስ ኤዲተር ይክፈቱ። ጤነኛ ጄፔግ በኤፍኤፍ ዲ8 ይጀምራል፣ በኤፍኤፍ ዲ9 ያበቃል፤ የምስሉ ዳታ ከመጀመሩ በፊት ኤፍኤፍ ዲኤ የሚል ምልክት አለ። ተምኔይሉም የራሱ የሆኑ እነዚህን ምልክቶች ይዞ በራስጌው ውስጥ ስለሚገኝ የመጀመሪያውን ኤፍኤፍ ዲኤ አይውሰዱ፤ ተምኔይሉ በኤፍኤፍ ዲ9 ካበቃ በኋላ የሚመጣውን ይፈልጉ። በቀለም ፎቶ ላይ ይህ ምልክት ከነተከታዩ 14 ባይት ነው። ከጤነኛው ፋይል ከመጀመሪያው እስከ እነዚህ 14 ባይቶች መጨረሻ ኮፒ ያድርጉ፣ ከተበላሸው ደግሞ ከዚሁ ቦታ በኋላ ያለውን እስከ መጨረሻው አስከትለው በአዲስ ስም ያስቀምጡ። ምስሉ ተከፍቶ ቀለሙ የተንጋደደ ከሆነ የጥራት ሠንጠረዦቹ አልገጠሙም፤ ሌላ ጤነኛ ፎቶ ይሞክሩ።

ሮው ፋይል ሲሆን ሌላ ተስፋ አለ። አብዛኞቹ የሮው ፋይሎች በውስጣቸው ዝግጁ የጄፔግ ምስል ይይዛሉ፤ በብዙ የኒኮንና የካነን ካሜራዎች ሙሉ መጠን ያለው ነው፣ በቆየት ያሉ የሶኒ ካሜራዎች 1616 በ1080 ፒክስል ነው። ዋናው ዳታ ቢጎዳም ይህን በኤግዚፍቱል ማውጣት ይቻላል። እንደ ሮው አይታረምም፤ ለማተምና ለማጋራት ግን ፎቶ ነው።

መቆም ያለበት ቦታ

ካርዱ በሁለት ሪደርና በሁለት ኮምፒውተር ካልታየ፣ መጠኑን 0 ካለ፣ ወይም እንደተሰካ ከጋለ፣ ሶፍትዌር አይረዳም። የካርዱን ወርቃማ መገናኛዎች ክር በማይጥል ጨርቅና በትንሽ ከ90 በመቶ ያላነሰ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው፣ በደንብ አድርቀው አንዴ ይሞክሩ። ካልሆነ ይተዉት። የሞተው ተቆጣጣሪው ክፍል ብቻ ሆኖ ዳታውን የያዘው ክፍል ደህና ሊሆን ይችላል፤ ያንን በቀጥታ ማንበብ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። በካሜራው ላይ «ሎው ሌቭል ፎርማት» መርጠው ከነበረም የሚመለስ ነገር የማግኘት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው።

ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ብቻ ካርዱን ይፈትሹ። ኤች2ቴስትደብሊው ወይም ኤፍ3 የካርዱን ነጻ ቦታ ሁሉ ጽፎ መልሶ ያነብባል፤ የተሰረዘውን ስለሚሸፍን ከማዳኑ በፊት አይነካም። ፈተናው ካርዱ ላይ ከተጻፈው መጠን ያነሰ እውነተኛ ቦታ ካሳየ ካርዱ የውሸት ነው፤ እስከ እውነተኛ መጠኑ ደህና ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ ስምና መጠን ብቻ ያላቸው ባዶ ፋይሎች ይመዘግባል። አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ከካሜራው ያስወጡት። ካለፈ ደግሞ ካሜራው ውስጥ ራሱ ፎርማት አድርገው ይመልሱት፣ ሪደሩንም ያልተፈተነ ከሆነ አብረው ይቀይሩ።